የመኪናችን ታንክ በእርግጥ ስንት ሊትር ይይዛል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)





ከሁሉ አስቀድሜ ባለፈው ዓመት በሞት የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር እያልሁ፣ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን እመኛለሁ። ቀጥሎም ኮሚቴው ይህችን አጭር ጊዜ ስለሰጠኝ አመሰግናለሁ። እኔ የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። መሐንዲስ አይደለሁም፣ መካኒክም አይደለሁም። ነገር ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከ30 ዓመት በላይ በጸሐፊነት ሳገለግል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍሁት የነዳጅ ኩፖንና የመኪና ጉዞ በመመዝገብ ነው። ስለሆነም ስለ ሊትርና ስለ ኪሎ ሜትር ጥቂት ብናገር እንደ ድፍረት አትቆጥሩብኝም ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ ይህ ነው። እንደምታውቁት እድራችን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሚያመላልስ፣ በቀብር ጊዜም አረጋውያንን የሚያደርስ አንድ ቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ አለው። የሚሠራው በናፍጣ ነው። ከመኪናው ጋር በመጣው መጽሐፍ ላይ የነዳጅ ታንኩ 70 ሊትር እንደሚይዝ ተጽፏል። በዘንድሮው የሒሳብ ምርመራ ከቀረቡት ደረሰኞች በአንዱ ላይ ግን 71 ሊትር ተቀድቷል የሚል ተገኘ። ታዲያ 70 ሊትር በሚይዝ ታንክ፣ ያውም ሞተሩ ሳይጠፋ በራሱ ጉልበት ወደ ማደያው በገባ መኪና ውስጥ፣ 71 ሊትር እንዴት ሊገባ ቻለ? ትርፉ የት ሄደ? በጀሪካን ተቀድቶ ተሸጠ ወይ? ይህ ጥያቄ በስብሰባ ተነሣ፣ በቃለ ጉባኤም «የነዳጅ ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ። ከስብሰባውም አልፎ በየቡናው ላይ ይወራ ጀመር። ሾፌራችን ምንም ሳይናገሩ ሥራቸውን ቀጥለዋል። ነገር ግን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ናቸው፤ ልጆቻቸውም ጆሮ አላቸው።

ሒሳብ ተቆጣጣሪዎቻችን መጠየቃቸው ትክክል ነው። በዚህ ላይ ማንም እንዳይሳሳት። የእድር ገንዘብ የሐዘንተኛ ገንዘብ ነው፤ አንዲት ሊትር ብትሆን እንኳ ትጠየቃለች። ነገር ግን መጠየቅ ሌላ፣ መፍረድ ሌላ ነው። ዛሬ ጉባኤው ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት መልሱን አብረን እንፈልገው።

በመጀመሪያ 70 ሊትር የሚለው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ጠላ የጠመቀች እናት ነገሩን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች። ጋኑን እስከ አፉ ጢም አድርጋ አትሞላውም፤ ድፍድፉ ሲፈላ ይነሣና ይገነፍላል። ስለዚህ ከላይ ባዶ ቦታ ትተዋለች። «ጋንሽ ስንት ይይዛል?» ብትሏት የምትነግራችሁ በደህና የምትጠምቅበትን ልክ ነው እንጂ፣ ውሃ እስከ ከንፈሩ ቢሞላበት የሚችለውን አይደለም። የመኪና ታንክም እንደዚሁ ነው። ፋብሪካው በመጽሐፉ ላይ የሚጽፈው ቁጥር ነዳጅ በደንቡ ሲሞላ የሚያዘውን ልክ ነው። ከዚያ በላይ ሆን ተብሎ የተተወ ባዶ ቦታ አለ፤ ከዚያም በላይ ከታንኩ እስከ ክዳኑ የሚደርሰው የመሙያው አንገት አለ። እነዚህ ሁለቱ በቁጥሩ ውስጥ አይገቡም። ነገር ግን በግድ ከተሞሉ ነዳጅ ይይዛሉ።

ይህ የአንድ ፋብሪካ ልማድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካን አገር ለከባድ መኪናዎች በወጣው የደኅንነት ደንብ፣ የነዳጅ ታንክ ሲሠራ በተለመደው አሞላል ከጠቅላላ ይዞታው ከመቶ 95 እጅ በላይ እንዳይሞላ ሆኖ መሠራት አለበት ተብሎ ተደንግጓል። ማለትም ከመቶ 5 እጁ ለባዶ ቦታ የተጠበቀ ነው።

ባዶው ቦታ ለምን አስፈለገ? ነዳጅ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ነው። ናፍጣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ከመቶ 0.8 ያህል ይጨምራል፤ ቤንዚን ደግሞ ከመቶ 1 ወደሚጠጋ ያድጋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አስሉት። አንድ መኪና አዲስ አበባ በጠዋቱ ብርድ 70 ሊትር ናፍጣ ሞልቶ ወደ አዋሽ ቢወርድና ነዳጁ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ያው ናፍጣ ከ1 ሊትር በላይ ቦታ ይጨምራል። ታንኩ እስከ አፉ ጢም ብሎ ከሆነ ያ ሊትር መግቢያ የለውም፤ በክዳኑ በኩል ይፈሳል። ከሞላችሁ በኋላ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁማችሁ ስትመለሱ በጎኑ የረጠበ ነገር ያያችሁ ሁሉ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከላይ ባዶ ቦታ እንዳለ ሁሉ ከታችም የማይነካ ነዳጅ አለ። ናፍጣውን ወደ ሞተር የሚስበው ቧንቧ የታንኩን ወለል አይነካም፤ ቢነካ ኖሮ የተጠራቀመውን ዝቃጭና ውሃ እየጠባ ሞተሩን ያበላሽ ነበር። ስለዚህ መኪና «ነዳጅ ጨርሶ ቆመ» ሲባል እንኳ ታንኩ ውስጥ ትንሽ ነገር ይቀራል። የጌጁ ነገርም እንደዚሁ ነው። ጌጁን የሚያንቀሳቅሰው በነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ነው፤ በሽንት ቤት የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዳለው ኳስ ማለት ነው። መርፌው ባዶ የሚለው ምልክት ላይ ሲደርስ ገና ጥቂት ሊትር እንዲተርፍ ሆኖ ይሠራል፤ ሾፌሩ ማደያ እስኪያገኝ ድረስ እንዳይቸገር ነው። ሪዘርቭ የምንለው ይህንን ነው። በመካከላችን ያሉ ትልልቅ ሰዎች የድሮዋን ቮልስዋገን ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 1961 ገደማ የተሠሩት ቮልሶች የነዳጅ ጌጅ አልነበራቸውም። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ሾፌሩ በእግሩ አንዲት ቁልፍ ያዞርና የመጨረሻዎቹን 5 ሊትሮች ይከፍታል። ከዚያ በኋላ ማደያ መፈለግ ነው። ያኔ ሪዘርቭ በግልጽ የሚታወቅ ነገር ነበር፤ ዛሬ በመርፌው ውስጥ ተደብቋል።

አሁን ወደ ማደያው እንሂድ። ቀጂው የመቅጃውን አፍ አስገብቶ ይለቀዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ጠቅ ይልና በራሱ ይዘጋል። ብዙ ሰው ጠቅ ያለው ታንኩ ስለሞላ ይመስለዋል። መቅጃው ግን ታንኩ ስንት እንደሚይዝ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመቅጃው ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ነዳጁ በኃይል ሲወርድ በዚያች ቀዳዳ በኩል አየር ይስባል። ነዳጁ ወይም አረፋው ከፍ ብሎ ቀዳዳዋን ሲሸፍናት አየሩ ይቋረጣል፤ ውስጥ ያለች ስስ የጎማ ሽፋን በስበቱ ትጎተትና መያዣውን ታስለቅቀዋለች። መቅጃው ጠቅ ብሎ ይዘጋል። እንግዲህ መቅጃው የሚያውቀው የቀዳዳዋን መሸፈን ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ ያው መኪና በያው ማደያ በተለያየ ቀን የተለያየ ሊትር ላይ ሊቆም ይችላል። መቅጃው ጠለቅ ብሎ ከገባ ቀድሞ ይዘጋል። መኪናው ዳገት ላይ ወይም ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ከቆመ ነዳጁ ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባል፤ ልዩነት ያመጣል። ናፍጣ ደግሞ በባሕርዩ ያረፋል። በፍጥነት ሲቀዳ አረፋው ተነሥቶ ቀዳዳዋን ይሸፍናታል፤ ገና ቦታ እያለ ጠቅ ይላል። ጥቂት ብትታገሡ አረፋው ይወርድና እንደገና ይቀበላል። ሾፌሮች መኪናውን እየወዘወዙ የሚያስሞሉትም ለዚህ ነው። በዚህ መንገድ እስከ አንገቱ የተሞላ ታንክ መጽሐፉ ከሚለው በላይ ቢቀበል የሚያስደንቅ አይደለም።

«ይህ ሁሉ ወሬ ነው፣ የእኛ መኪና ስንት ይይዛል?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። እኛም እንዲሁ ብለን ለካነው። የመኪናው ታንክ ለጽዳት በወረደበት ጊዜ፣ በኮሚቴው ፈቃድ አንድ የሒሳብ ተቆጣጣሪ፣ አንድ የንብረት ክፍል ተጠሪና እኔ ተገኘን። ሾፌራችን በዕለቱ እንዳይመጡ ተደረገ፤ በኋላ «እሳቸው እንዲህ አደረጉ» እንዳይባል ነው። ታንኩ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተመልሶ ታሠረ። በመስፈሪያ የተለካ 5 ሊትር ናፍጣ ጨመርንና መኪናውን ጋራዡ አጠገብ ወዳለው ማደያ ወስደን ደልዳላ ቦታ ላይ አቆምነው። የማደያውም ኃላፊ ቅን ሰው ስለነበሩ ባለ 20 ሊትር መስፈሪያቸውን አስወጡልን። ፓምፑ 20 ሲል ናፍጣው መስፈሪያው መስመር ላይ ልክ ቆመ። ፓምፑ ትክክል መሆኑን በዚህ አረጋገጥን።

ከዚያ መኪናው ውስጥ አስቀዳን። 64 ሊትር ሲደርስ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ቀድሞ ከነበረው 5 ጋር 69 ሊትር ማለት ነው፤ ከመጽሐፉ ቁጥር በ1 ሊትር ያነሰ። ቀጥለን አረፋው እስኪወርድ እየጠበቅን በቀስታ እስከ አንገቱ አስሞላነው። 6 ሊትር ጨመረ። ድምሩ 75 ሊትር ሆነ። እንግዲህ የእኛ መኪና ታንክ በመጀመሪያው ጠቅታ 69፣ በመጽሐፉ 70፣ እስከ አንገቱ ሲሞላ 75 ይይዛል። ሦስቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። መኪናው በዚያው ሰዓት ለቀብር ስለወጣ ትርፉ አልባከነም።

አሁን ያንን የ71 ሊትር ደረሰኝ እናንሣ። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለች፤ እባካችሁ ታገሡኝ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

የዓመቱን ጠቅላላ ኪሎ ሜትር ለጠቅላላው ሊትር ስናካፍለው መኪናችን በ1 ሊትር 9 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከዚያ ደረሰኝ በፊት በነበረው ጊዜ መኪናው የተሞላው እስከ መጀመሪያው ጠቅታ ነው። ማለትም 69 ሊትር ይዞ ወጣ። ከዚያ በኪሎ ሜትር ቆጣሪው መሠረት 585 ኪሎ ሜትር ሄደ። በ9 ስናካፍለው 65 ሊትር በላ ማለት ነው። ከ69 ላይ 65 ሲቀነስ ታንኩ ውስጥ 4 ሊትር ቀረ። በዚያን ሰሞን የናፍጣ ሰልፍ እንደነበረ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሾፌራችን በማግስቱ ቀብርተኛ ይዘው ደብረ ብርሃን ሊሄዱ ነው፤ መሄጃው ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መንገድ ላይ ናፍጣ ባይገኝስ ብለው እስከ አንገቱ አስሞሉት። ከ75 ላይ 4 ስንቀንስ ስንት ነው? 71! ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር ይኸው ነው።

ተቆጣጣሪዎቻችን ግን ያሰሉት እንዲህ ነበር። 585 ኪሎ ሜትር በ9 ሲካፈል 65 ሊትር፤ ደረሰኙ 71፤ ስለዚህ 6 ሊትር ጎደለ። አያያዛቸው የሒሳብ ስሕተት የለበትም። ያልታየው ነገር የመነሻውና የመድረሻው ሙሌት አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በፊት እስከ ጠቅታው፣ በኋላ እስከ አንገቱ። በቁልል የተሰፈረ ጣሳ ከተላጨ ጣሳ ጋር ሲነጻጸር ልዩነት ቢገኝ እህሉን የበላው ማን ነው? 6ቱ ሊትር ጠፍቶ አልነበረም፤ በመኪናው ታንክ ላይኛው ክፍልና አንገት ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ማስረጃው ደግሞ የቀጣዩ ደረሰኝ ነው፤ እሱን ያነሣው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ መኪናው 315 ኪሎ ሜትር ሄደ። በ9 ሲካፈል 35 ሊትር መብላት ነበረበት። ደረሰኙ ግን 29 ሊትር ብቻ ይላል! በዚህኛው ጊዜ የተሞላው እስከ ጠቅታው ነበርና 6ቱ ሊትር ተመልሶ መጣ። ሁለቱን ደረሰኞች ደምሩ፤ 71 እና 29፣ 100 ሊትር። ኪሎ ሜትሩን ደምሩ፤ 585 እና 315፣ 900 ኪሎ ሜትር። አካፍሉት፤ በሊትር 9። አንዲትም ጠብታ አልጎደለችም። በመጀመሪያው ደረሰኝ ሾፌሩን ሌባ ካልን፣ በሁለተኛው ደረሰኝ ከኪሳቸው 6 ሊትር ለእድሩ ሰጡ ልንል ነው። ሁለቱም እውነት አይደለም።

ይህን ያህል የማወራው ለአንዲት ደረሰኝ ብዬ አይደለም። በሥራ ዘመኔ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያየሁት ነገር ከልቤ አይወጣም። አንድ ሾፌር ነበሩ፤ ቁጥብና ሥራ አክባሪ ሰው። የሚነዱት መኪና ታንክ በመዝገብ ከተጻፈው በ4 ሊትር የበለጠ ነዳጅ ቀድተዋል ተባለና ከደመወዛቸው ተቆረጠ። በማመልከቻ ላይ ማመልከቻ ጻፉ። ታንኩን ለክቶ የሚያይ ሰው ግን አልተገኘም፤ ለመለካት ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነበር። እሳቸውን የጎዳቸው ገንዘቡ ሳይሆን «ነዳጅ ሻጭ» የሚለው ስም ነው። ጓደኞቻቸው በቀልድ እያስመሰሉ ይነካኳቸው ነበር። በመጨረሻ ሥራውን ለቀው ሄዱ። የጋራዡ ኃላፊ ጉዳዩን ለአዲሱ የሥራ አመራር በሚገባ ሲያስረዱ ነገሩ ተገለጸ፤ ሰውየው ግን የሉም። የተቆረጠው ብር ቢመለስ የሄደውን ስም ማን ይመልሰዋል? እኛ እድርተኞች ነን። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን አባባል ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ በየቀብሩ ላይ የሟችን ስም በመልካም የምናስነሣ እኛው ነን። ታዲያ በሕይወት ያለውን ሰው ስም እንዴት በአንዲት ደረሰኝ እንጥላለን?

ስለ ማደያዎችም አንድ ነገር ልበል። በእኛም ሰፈር «እገሌ ማደያ ይሰርቃል፣ 50 ሊትር በሚይዘው መኪናዬ 53 ቀዳሁ ብሎ አስከፈለኝ» ሲባል እሰማለሁ። የሚሰርቅ የለም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ታንክ የመለኪያ ዕቃ አይደለም። ፓምፕ የሚፈተነው በታወቀ መስፈሪያ ነው። ፓምፑ 20 ሲል መስፈሪያው ላይ ከመስመሩ በታች ከቆመ ያኔ ክሱ እውነት ነው፤ የሚመለከተውን የመለኪያ ተቆጣጣሪ ጥሩ። እናንተ ደግሞ ከመቀዳቱ በፊት ፓምፑ ዜሮ ላይ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በስልክ መፈጸም ስለተጀመረ የተከፈለው ብር ተመዝግቦ ይቀራል፤ ከደረሰኙ ጋር ማመሳከር ቀላል ሆኗል።

እዚህ ላይ «ታንኩ እስከ 75 ከያዘ ሁልጊዜ 75 ብናስሞላው አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይሻልም። አንደኛ፣ ባዶው ቦታ የተተወው ለምክንያት ነው፤ ሲሞቅ ይፈሳል፣ የፈሰሰው የእድሩ ገንዘብ ነው፣ ቤንዚን ከሆነ ደግሞ እሳት ነው። ሁለተኛ፣ በአዳዲሶቹ የቤንዚን መኪናዎች ውስጥ የነዳጁን ትነት የሚይዝ ከሰል የተሞላ ሣጥን አለ። ሣጥኑ የተሠራው ለትነት ነው። ታንኩ ከመጠን በላይ ሲሞላ ፈሳሽ ቤንዚን ገብቶ ከሰሉን ያበላሸዋል፤ ከዚያ የሞተሩ መብራት ይበራል፣ ጋራዥ ይሄዳል፣ ወጪው ከተገኘችው ሊትር ብዙ እጥፍ ይሆናል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። የግል መኪና ያላችሁ አባሎች ይህን ልብ በሉልኝ። ሦስተኛ፣ አሁን እንዳየነው ሒሳቡን ያዛባል፤ ከሒሳቡም አልፎ ሰውን ያጣላል።

ስለሆነም ለጉባኤው የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ/ ከእንግዲህ የእድሩ መኪና የሚሞላው እስከ መጀመሪያው ጠቅታ ብቻ ይሁን። ረጅም መንገድ ወይም የነዳጅ እጥረት ኖሮ ከዚያ በላይ መሙላት ካስፈለገ፣ ሾፌሩ በደረሰኙ ጀርባ ላይ «እስከ አንገቱ» ብለው ይጻፉ፤ ፈርማቸውንም ያኑሩ።

2ኛ/ በየደረሰኙ ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቁጥር ይጻፍ። ቁጥሩ የሌለበት ደረሰኝ አይወራረድ።

3ኛ/ ሒሳብ ተቆጣጣሪዎች በአንድ ደረሰኝ አይፍረዱ። ቢያንስ የሦስት ወይም የአራት ደረሰኝ ሊትርና ኪሎ ሜትር ተደምሮ ይካፈል። የአንድ ቀን ሙሌት ልዩነት በድምሩ ውስጥ ይቀልጣል፤ እውነተኛ ጉድለት ግን ከወር ወር እየተጠራቀመ ይታያል እንጂ አይደበቅም። በሊትር 9 ይሄድ የነበረ መኪና በተከታታይ 7 ቢሄድ፣ ያን ጊዜ ወይ መኪናው ታሟል ወይ ሌላ ነገር አለ፤ እኔም አብሬያችሁ እጠይቃለሁ።

4ኛ/ ለመኪናችን ድንበሩ 75 ሊትር ነው። ከዚህ በላይ የሚል ደረሰኝ ከመጣ ያለ አንዳች ክርክር መልስ ይፈለግለት። የለካንበት ወረቀት በሦስታችን ፊርማ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል፤ የፈለገ ሰው ማየት ይችላል።

5ኛ/ እና የመጨረሻው፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «የነዳጅ ጉድለት» ተብሎ የተጻፈው ዛሬ በዚሁ ጉባኤ «ተጣርቶ ጉድለት አልተገኘም» ተብሎ ይታረም። ሾፌራችንም በዚህ መካከል ተቀምጠዋል። ወሬው በሰው ሁሉ ፊት እንደተወራ፣ እርማቱም በሰው ሁሉ ፊት ይነገርላቸው። በጽሕፈት ቤት ውስጥ በጆሯቸው «ነገሩ አልፏል» ማለት አይበቃም።

የሒሳብ ተቆጣጣሪዎቻችንን ደግሞ አመሰግናለሁ። ካልጠየቁ ኖሮ ታንካችን ስንት እንደሚይዝ ዛሬም አናውቅም ነበር። ወደፊትም ይጠይቁ፤ እኛ ደግሞ መስፈሪያ ይዘን እንመልስላቸው።